የታችኛው ድንጋይ

ጣሂራ «ቶሎ ቶሎ» ስትል ማንም ቀና አላለም።

ስምንት ሴቶች ኾር በሚሉት ትንሽ ወንዝ ዳር ተሰልፈው፣ እግራቸውን በቀጭኑ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ጠጠር የሞላ ገበቴያቸውን ያሽከረክራሉ። ከአራት ቀን በፊት ቢሆን አንዷ ታንጎራጉር፣ ሌላዋ ስለ ባሏ ኩርፊያ ታወራ ነበር። አሁን የሚሰማው የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነው። ጣሂራ ዝምታውን ወደደችው። ሥራ ማለት ይህ ነው ብላ አሰበች።

ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። የወርቅ አጣቢዎቹ አለቃ የእናቷ ታላቅ እህት ኡምኩልሱም ነበሩ። ንዳድ ሲጥላቸው ሴቶቹን ጠርተው፣ ጠጠሩ የሚወጣበት ጉድጓድ ግድግዳ የሚመታበትን ዘንግ በሁሉም ፊት ለጣሂራ ሰጧት። «ዓይኗ ጥሩ ነው። እስክነሣ ድረስ እሷን ስሙ» አሉ። ከሴቶቹ አብዛኞቹ የእናቷ እኩዮች ናቸው። የተቃወመ አልነበረም፤ ደስ ያለውም አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ጣሂራ የላይኛውን ድንጋይ ያዘች። እዚያ ውሃው ከማንም በፊት ይደርሳል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አክስቷ ይቀመጡ የነበረው ከሁሉም በታች፣ የሌሎቹ ጭቃ በሚወርድበት ድንጋይ ላይ ነው። ጣሂራ ጉልበታቸው ስለደከመ፣ ጥላውም እዚያ ስላለ ይመስላት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ኢንዓም አርፍዳ መጣች። ኢንዓም የጎረቤት ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች፤ አብረው ነው ያደጉት። ጣሂራ ሴቶቹ እየሰሙ ተቆጣቻት። ኢንዓም ስለ ጉድጓዱ አንድ ነገር ልትናገር ስትጀምር አቋረጠቻት።

«ስጠይቅሽ ትናገሪያለሽ። አሁን ታች ውረጂ።»

«እሺ፣ ሼኻችን» አለች ኢንዓም፣ ሳትስቅ። ከዚያ ወዲህ የታችኛው ድንጋይ የእሷ ሆነ።

ጠጠሩ የሚመጣው ከኾሩ ሠላሳ እርምጃ ከሚርቅ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል። የጣሂራ አባት ታናሽ ወንድም ሻዕባን ከሥር ሆኖ ይቆፍራል፤ አንድ ሰው ከላይ ቅርጫቱን በገመድ ይስባል። የላይኛው አፈር ቀይ ነው፤ ወርቁ ያለው ከቀዩ ሥር ባለው ግራጫ ጠጠር ውስጥ ነው። ሻዕባን ጠጠሩን እየተከተለ ወደ ጎን ገብቷል።

ኡምኩልሱም ጠዋት ጠዋት ከማንም በፊት ብቻቸውን ወርደው ግድግዳውን በዘንጉ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ጣሂራ ግን አለቃ የሆነች ሰው ጉድጓድ የምትወርድበት ምክንያት አልታያትም። ሻዕባን እዚያው ነው፤ እሱ ያውቃል። ዘንጉ አራት ቀን ሙሉ ከጎኗ ተጋድሞ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ወርቁ የተጠራቀመበትን የአሞራ ላባ ቀሰም ይዛ ወደ አክስቷ ጎጆ ሄደች። ቀሰሙ እስከ አፉ ሞልቷል። በአክስቷ ጊዜ በሰባት ቀንም አይሞላም ነበር።

ኡምኩልሱም ቀሰሙን አላነሡትም። ከቀርከሃው አልጋ ላይ እንደተኙ ፊቷን አዩት።

«ታች ውሃው ምን ይመስላል?»

«እኔ ላይ ነኝ፣ ኻልቲ። ውሃው ጥሩ ነው።»

«ታች ማን አለ?»

«ኢንዓም። አርፍዳ መጥታ ለቅጣት አወረድኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም።»

አክስቷ ለመነሣት ሞከሩ፤ አልቻሉም። «እዚያ የምቀመጠው ለጥላው መሰለሽ? ከእያንዳንዱ ገበቴ የሚወጣው ቀይ አፈር ጥቂት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ታች ግን ይሰበሰባል። ውሃው ከቀላ ግድግዳው ጠጠሩ ላይ እየረገፈ ነው ማለት ነው። ይህን ሳልነግርሽ ዘንግ መስጠቴ የኔ ጥፋት ነው። አሁን ሂጂ።»

ጣሂራ ቀሰሙን እዚያው ትታ ሮጠች።

ኢንዓም አንገቷን ደፍታ ገበቴዋን ታሽከረክራለች። በእግሮቿ መካከል የሚያልፈው ውሃ ሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ጠዋት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ኢንዓም ገበቴውን አቆመች። «ስጠይቅሽ አልሽኝ። አልጠየቅሽኝም።» በእጇ ወደ ጉድጓዱ ጠቆመች። «ያን ቀን ያረፈድኩት የጉድጓዱ አፍ ተሰንጥቆ አይቼ እዚያ ቆሜ ነው። ለአጎትሽ ነገርኩት። አለቃዋ ምንም አላለችኝ ብሎ ሳቀብኝ።»

ጣሂራ ወደ ላይኛው ድንጋይ ወጥታ ዘንጉን አነሣች። ከጉድጓዱ አፍ ሆና ልትጮህ አሰበች። ሻዕባን እንደሚስቅ ታወቃት። ገመድ ሳቢውን ከዳር እንዲርቅ አድርጋ በቀርከሃው መሰላል ወረደች።

ከሥር አየሩ ይከብዳል። ከመሰላሉ በስተጀርባ ያለውን ግድግዳ በዘንጉ መታችው፤ ድምፁ ድፍን ነው። ሻዕባን ከገባበት ጎን በላይ ያለውን መታችው። እንደ ከበሮ መለሰላት። ደገመችው። ቀይ ብናኝ ትከሻዋ ላይ ወረደ።

«አጎቴ፣ ውጣ።»

ሻዕባን ተንበርክኮ ነበር፤ ዶማውን አላስቀመጠም። «ሦስት ቅርጫት ቀርቶኛል። ጥሩ ጥሩው እዚህ ነው። ዝናቡ ከገባ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስትይ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። አራት ቀን ግድግዳውን አልመታሁም። ኢንዓም ልትነግረኝ ስትል አፏን ዘጋሁባት። ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ አንተ ትወጣለህ፣ ከዚያ እኔ። ካልወጣህ እዚሁ ነኝ።»

ሻዕባን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ያለውን አፈር አየ። ዶማውን ይዞ፣ ቅርጫቱን ትቶ ወጣ። ጣሂራ መሰላሉን ስትጀምር የሰው ራስ የሚያህል ጓል ተላቆ ቅርጫቱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ የወደቀ ነገር አልነበረም።

ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር። ጣሂራ ጉድጓዱ መዘጋቱን ነገረቻቸው። አዲስ ይቆፈራል፤ ጠጠሩ ጋ ለመድረስ አሥር ቀን ይፈጃል። ለሻዕባን የነገረችውን ጥፋቷን ለእነሱም ደገመችላቸው። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሌላዋ ለአንድ ጓል ብለን አሥር ቀን ልንቀመጥ ነው ወይ ብላ አጉረመረመች። ጣሂራ መሰላሉን ስባ አወጣችና አጋደመችው።

በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ እንደ ቆመ ነበር። ሻዕባን ዳር ሆኖ ወደ ውስጥ አየ፤ ከዚያ እሷን አያት።

«አልወደቀም እኮ» አለ።

«አልወደቀም» አለች ጣሂራ። መሰላሉን አንሥታ አዲሱ ጉድጓድ ወደሚጀመርበት ቦታ ተሸክማ ሄደች፤ አስቀምጣው ወደ ኾሩ ወረደች።

ትናንት ወጥቶ ያልታጠበ ጠጠር ነበር፤ ሴቶቹ ገበቴያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የላይኛው ድንጋይ ባዶውን ነው። ጣሂራ አልፋው ወረደች፤ በሴቶቹ ሁሉ ፊት አለፈች፤ ኢንዓም ጋ ደረሰች።

«ላይ ሂጂ፣ ውሃው ጥሩ ነው» አለቻት።

«የሼኽ ወንበር ላይ እኔ ምን ልሠራ?» አለች ኢንዓም። ግን ገበቴዋን ሰብስባ ወደ ጎን ጠጋ አለች።

ጣሂራ ተቀመጠች። ውሃው ጭቃውን ይዞ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ። ቀለሙን አየችው፤ ለመለየት ይከብዳል።

«ምን ይታይሻል?» አለች።

ኢንዓም ጎንበስ ብላ ውሃውን አየችው። ጣሂራ ጠበቀቻት።