በአንድ ትኬት

በፊልሙ ውስጥ ትልቋ ልጅ መቀሱን ስታነሳ ዩን-ሺ ሶፍቷን ከቦርሳዋ አወጣች። የሚቀጥለውን በቃሏ ታውቀዋለች። ትልቋ የጓደኛዋን ፀጉር ግቢው ውስጥ ቆርጣ ስትጨርስ፣ አንገቷ ላይ የቀረውን ፀጉር ቀስ እያለች ትለቅምላታለች። ሁለቱ ልጆች መዋደዳቸውን የሚያውቁት እዚያ ላይ ነው፤ ዩን-ሺም ሁልጊዜ እንባዋ የሚያመልጣት እዚያው ላይ ነው።

ይህ የታይናን ከተማ አሮጌ ሲኒማ ቤት፣ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አሳይተው የጨረሷቸውን ፊልሞች ያሳያል። በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ነው፤ ሲያልቁ እንደገና ይጀምራሉ፤ ውጡ የሚል የለም። ዩን-ሺ የሰይፈኞቹ ፊልም ሲመጣ በስክሪኑ ብርሃን የሒሳብ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ የልጆቹ ፍቅር ሲመለስ ደብተሯን ትዘጋለች። ማጠናከሪያ ትምህርት ከቀረች ሰነባብታለች።

ዛሬ ግን እንባዋን ሳትጠርግ አጠገቧ ያለው ወንበር ሲጢጥ አለና የዝንጅብልና የዓሣ ሽታ መጣ። ዞር ስትል እናቷ ናት። የሾርባ ቤታቸውን ሽርጥ እንኳ አላወለቀችም። ዩን-ሺ ቁጣዋን ጠበቀች። እናቷ ግን አልተቆጣችም፤ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየች።

መብራቱ ሲበራ፣ የማጠናከሪያው አስተማሪ ደውሎ ልጅሽ የት ጠፋች እንዳላት፣ እሷም የዩን-ሺን ጓደኛ ሜይ-ጁንን አፋጣ ይዛ ያለችበትን እንዳናገረቻት እናቷ ነገረቻት።

«ፊልሙን የምታየው ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ነው አለችኝ» አለች እናቷ። «ለጽሑፍ ነው እንዲህ ዓይንሽ እስኪያብጥ የምታለቅሺው?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶላታል። አዎ ብትል ነገሩ በአንድ ቁጣ ያልቃል፤ ቤት ገብተው እራት ይበላሉ፣ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ዩን-ሺን የጨነቃት ግን ይኸው እንደነበረ መቀጠሉ ነው።

«አይደለም እማዬ» አለች ሶፍቱን እየጨመደደች። «እኔም እንደነሱ ነኝ። አሁን የያዝኳት ልጅ የለችም፤ ግን አንድ ቀን ባፈቅር የማፈቅረው ሴት ነው። እዚህ ስቀመጥ አያስፈራኝም።»

እናቷ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ ደረቅ ነበሩ፣ ግን ደግማ ጠረገቻቸው። መብራቱ ጠፋና የሰይፈኞቹ ፊልም ጀመረ። ዩን-ሺ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ተነሺ እንሂድ የምትባልበትን ጊዜ ጠበቀች።

እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ያቺ ፀጉር ቆራጯ እናት የላትም?»

«አላት። መጀመሪያ ላይ ነው የምትታየው።»

«መጀመሪያውን አላየሁትም።» ሽርጧን ፈትታ አጠፈችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሾርባ ቤቱን አባትሽ ይይዘዋል። እኔ ከንጋት ጀምሮ እግሬ ላይ ነኝ፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ የኛው ሲጀምር ቀስቅሺኝ።»