ዋሳካ ሲንግ የጠራቸው ሦስት ስሞች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም.፣ የስንዴው ዛላ መቅላት በጀመረበት በመጋቢት ወር፣ ከቢያስ ወንዝ ማዶ ባለችው በኮትሊ መንደር ነጋሪ ወጥቶ ትእዛዝ አሰማ፤ አገሩን በቅኝ ለሚገዛው ለእንግሊዝ ንጉሥ ጦር ሦስት ጎልማሶች ይውጡ የሚል ነበር። ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በውድ የሚዘምት ካለቀ ቆይቷልና ምስለኔው በየመንደሩ ቁጥር ይደለድል ጀመር፤ ያልሞላ መንደርም የመስኖ ውኃው ይዘጋበታል ተባለ።

ጭቃ ሹሙ ብሃን ሲንግ እንቅልፍ አጣ። የማን ልጅ ይሂድ ብሎ ቢመርጥ ዕድሜ ልኩን ደም መቃባት ነው፤ ስለዚህ አባቶች በውኃ ተራ ሲጣሉ ያደርጉት የነበረውን አሰበ፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ካባዲ በሚባለው የትግል ጨዋታ ይግጠሙ፣ የተሸነፈው ሰፈር ሦስቱን ሰው ይስጥ። ሽማግሌዎቹም «ሜዳ አያዳላም» ብለው ተስማሙ፤ ፍርዱ ምስክር እንዲኖረው ደግሞ ግጥሚያው ለጦሩ ሰው የሚለቅመው መልማይ በሚመጣበት ቀን እንዲሆን ቆረጡ። ብልህ የሆኑ መስሏቸው ነበር።

ዋሳካ ሲንግ የታች ሰፈር ቡድን አለቃ ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ አምስት፣ አንገቱ ደንዳና፣ ትንፋሹ በሰባት መንደር የታወቀ። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች የሸንኮራ መጭመቂያ ስለበላበት ቃታ መሳብ አይችልም፤ ለራሱ የሚፈራው ነገር አልነበረም። የሚፈራው ለታናሽ ወንድሙ ለሚሃን ነበር። መካከለኛው ወንድማቸው በዚሁ ጦርነት በመርከብ ተጭኖ ሄዶ ባስራ ላይ ሞቶ ቀርቷል፤ ከእርሱ የተመለሰ አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

በግጥሚያው ጠዋት ዋሳካ ጠጉሩን ጠቅልሎ ሲያስር እናቱ ኢሽሮ በሩ ላይ ቆመች።

«ሚሃንን መልስልኝ» አለችው።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ለማን ነው የምትነግረው? አንዱን ለመርከብ ሰጠሁ፤ ይሄን አልሰጥም።»

«በትንፋሼ ይሁንብኝ» አላት፤ «ይዤልሽ እመጣለሁ።»

መልማዩ ደረቱን ኒሻን የሞላው አዛውንት ወታደር ነበር፤ በዋርካው ጥላ አልጋ ተዘርግቶለት አሬራውን እየጠጣ ይመለከት ጀመር። በካባዲ አንዱ ተጫዋች «ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ ባንድ ትንፋሽ ከባላጋራ ሜዳ ይገባል፤ ነክቶ ከተመለሰ የነካቸው ይሞታሉ፤ ትንፋሹ ከተቆረጠ ወይም ተይዞ ከቀረ ግን ራሱ ይሞታል። የሞተ ከመስመር ውጭ ይቀመጣል፤ ጓደኛው ባላጋራ ገድሎ ሲመለስ በገደለው ልክ ከወገኑ ሙታን ያነሣል። በሌላው መንደር የሚነሣው በአሟሟቱ ተራ ነው፤ በኮትሊ ግን ነክቶ የተመለሰው ሰው የወደደውን በስሙ ይጠራ ነበር፤ መንደሬውም በዚህ ደንቡ ይኮራ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታች ሰፈር ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ሚሃን ቁርጭምጭሚቱን ተይዞ ሞተና አቧራውን እያራገፈ ከሙታኑ ጎን ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔስ ሞቻለሁ» አለ እየሳቀ፤ «ለሬሳም ቢሆን ግን ውኃ አይከለከልም!»

ዋሳካ አልሳቀም። ብቻውን ቀርቷል፤ ከወዲያ ሦስት ቆመዋል።

«አንተ ባለ ስምንት ጣት!» አለው ከሦስቱ አንዱ፣ ቡር ሲንግ፤ «በምንህ ልትነካን ነው?»

«ለአንተ ስምንቱም ይተርፋሉ።»

አየር ሳበና ገባ። «ካባዲ፣ ካባዲ፣ ካባዲ…» የቡርን ትከሻ ነካ፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ተረባረቡበት፤ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ጭኑን ያዘ፣ ቡር ጀርባው ላይ ወጣ። ፊቱ መሬት ተደፋ፣ አፉ አፈር ሞላ፤ ቃሉ ግን አልተቆረጠም። ዐይኑ ጨለመበት፤ ለእናቱ የሰጣት ቃል ትዝ እያለው በደረቱ ተሳበ፤ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ሊጠፋ ሲል ያቺ የጎደለች ቀኝ እጁ መስመሩን አለፈች። ሜዳው በእልልታና በፉጨት ተናወጠ። የያዘው ሁሉ እንደተነካ ይቆጠራልና ሦስቱም ሞቱ፤ ላይ ሰፈርም አልቆ ተሸነፈ።

«ደንቡ ነው፣ ሦስት ሰው ጥራ!» አለ ጭቃ ሹሙ።

ዋሳካ አፈሩን ተፋ። «ሚሃን!» አለ መጀመሪያ። ከዚያ የወገኑን ሙታን ቃኝቶ «ሃርናም ሲንግ! ጀማል ዲን!» አለ። ሦስቱ ዘለው ገቡና ተሸከሙት፤ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት የተደሰተበት ጊዜ አልነበረም።

ጭቃ ሹሙ የላይ ሰፈሮቹን ሦስት ጎረምሶች እየነዳ ወደ አልጋው ቀረበ።

«ምን ላድርጋቸው?» አለ መልማዩ።

«ተሸንፈዋል ጌታዬ፤ ውላችን ነው።»

«ውሉ የናንተ ነው። ንጉሡ ተሸናፊ ልቀም ብሎ አልላከኝም።» ከመስመሩ ወዲህ ወደ ቆሙት፣ ዋሳካ ወደጠራቸው ሦስቱ ጠቆመ። «እነዚህ ይበቁኛል።»

ዋሳካ ሮጦ እግሩ ላይ ወደቀ። «እኔን ይውሰዱኝ ጌታዬ! ያሸነፍኩት እኔ ነኝ!»

«እጅህን አሳየኝ።» አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሂድ፣ በሬህን ጥመድ።»

«ልጁ እኮ ሞቶ ነበር! ያስነሣሁት እኔ ነኝ!»

«አይቻለሁ» አለ መልማዩ ጽዋውን እያስቀመጠ፤ «ጥሩ አድርገህ መርጠሃል።»

ሚሃን ወንድሙን በብብቱ ይዞ አነሣው። «ተው ጋሼ፣ እንዳታለቅስ፤ ላይ ሰፈሮች ያዩናል።»

ዋሳካ ብቻውን ወደ ቤት ሲመለስ ኢሽሮ በሩ ላይ ነበረች። ከኋላው ያለውን መንገድ ረዘም አድርጋ አየች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

ሚሃን ጥይት ሳይተኩስ፣ መርከብም ሳይሳፈር ሞተ፤ ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ የጦር ሰፈሩን በዚያው ዓመት መገባደጃ ጠራርጎት ነበር። ጀማል ዲን ሲመለስ ለዋሳካ እንደነገረው፣ ትንፋሽ አጥሮት እየተጨነቀ እንኳ «ጋሼ ቢሆን ይዘልቀው ነበር» እያለ ይቀልድ ነበር። ዋሳካ ይህን ሰምቶ ወጣ፤ በሸንኮራው ማሳ ውስጥም እስኪበቃው አለቀሰ።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት በመንደሩ መግቢያ የድንጋይ ጽላት አቆመ፤ «ከዚህ መንደር ሃያ ሁለት ሰዎች ወደ ታላቁ ጦርነት ሄዱ፤ ስድስቱ ሕይወታቸውን ሰጡ» ይላል። ስም የለበትም፤ ማን እንደጠራቸውም አይልም። ዋሳካ ዳግመኛ አልተጫወተም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ብቻ ወደ ሜዳው መጥቶ «ከእንግዲህ ማንም ስም አይጥራ፤ የሞተ በተራው ይነሣ» አለ፤ የሚከራከረውም አልተገኘም።

ዛሬም በኮትሊ ታዳጊዎች ካባዲ ሲጫወቱ አንዱ ቸኩሎ «እኔን ጥራኝ!» ብሎ የጮኸ እንደሆነ ትልልቆቹ ይቆጡታል። «ለምን?» ሲል ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፤ ደንቡ ነው ይሉታል፤ እርሱም ከመስመሩ ውጭ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።