የግራው በር

ሴት በሴት ትቀናለች። እኔ ግን ጀማሉዲንን ከወደድኩ ወዲህ መጀመሪያ የቀናሁት በአውቶቡስ ነው።

ያገኘሁት በ1984 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ያፈራረሳት ሀርጌሳ ውስጥ ሰው ገና መመለስ ጀምሯል፤ ተኩሱ ግን አላባራም። እኔ ከድሬዳዋ መጥቼ ዳሚ በሚባለው ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በኩል ሳልፍ ከተሰባበረ አውቶቡስ ሥር ሁለት እግር ተዘርግቶ አየሁ። ሬሳ መሰለኝ።

«ወይኔ፣ የማን ልጅ ይሆን?» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ።

«የሙጂብ ልጅ ነኝ» አለ ከሥር። «ደግሞ አልሞትኩም አቦ።»

ፊቱ ጥላሸት ብቻ ሆኖ ወጣ። የድሬ ልጅ ነው። አባቱ በምድር ባቡር ጋራዥ ይሠሩ ስለነበር በአሮጌ ፉርጎዎች መሀል ነው ያደገው። ሀርጌሳ ውስጥ ሥራው የተጣሉ መኪኖችን እያየ የቱ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ፣ የቱ ከየቱ ወገን እንደሆነ ለይቶ ለጋራዦች መንገር ነበር። ዳሚ ውስጥ ሰው ቤት ያደረገው ጎማ የሌለው አሮጌ የተሽከርካሪ አካል አለ። ሁሉም አውቶቡስ ነበር ይላል። እሱ መስኮቱን ወደ ታች አወረደና «የአውቶቡስ መስኮት ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። ይሄ ከድሬ መስመር የመጣ የባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ነው» አለኝ። ይህን ሲል ያንን «አውቶቡስ» የሚያይበት ዓይን ነው ያስቀናኝ። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅማ።

ኋላ ግን አየኝ። «የያዝኩትን ሥራ ልጨርስና ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። በደስታ የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ከዚያ ሆዳን መጣች።

የሆዳን ባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ የገባ ዕለት ሰው ጭኖ እንደወጣ አልተመለሰም። በአየር ማረፊያው መንገድ ዳር አንድ አውቶቡስ ተቃጥሎ ቆሟል፤ ሹፌሩን መንገደኞች እዚያው ቀብረውታል፤ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሼኹ «አውቶቡሱ የባልሽ መሆኑ ከተረጋገጠ ዒዳሽን፣ የሐዘን ጊዜሽን፣ ጨርሰሽ ማግባት ትችያለሽ። ካልተረጋገጠ የሰው ሚስት ነሽ» ብለዋታል። እናም ጀማሉዲንን እንዲያይላት ለመነችው።

ሆዳን ቆንጆ ናት፤ ይህን መካድ አልችልም፤ ብችል ኖሮ እክድ ነበር። በየቀኑ ሻይ በፔርሙስ ይዛ ወደ አውቶቡሱ ትሄዳለች፤ እሱም በየቀኑ ይሄዳል። የሽማግሌው ነገር ተረሳ።

አንድ ቀን ስፌቴን ጥዬ ተከተልኳቸው። ሆዳን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታወራለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። አንገቱን የሚደፋው ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅሁት።

«የባሏ ነው ብለህ ልትመሰክር ነው አይደል?»

«ከሆነስ?»

«ከሆነማ ነፃ ናት። መንገዱን ለማን እንደምትጠርግ የማላውቅ መሰለህ?»

ጥላሸት የነካውን እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ፋሪዳ፣ ካወቅሁ ቆየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የባሏ አውቶቡስ የእንግሊዝ ዘመን ነው። ያኔ በግራ ስለሚነዳ በሩም በግራ ነበር። ኋላ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲዞር የግራውን በር በይደው በቀኝ ሌላ አወጡለት። የድሮ ሹፌሮች እንደሚሉት ከዚያ ወገን ሲሠራ የቀረው የእሱ ብቻ ነበር። የተቃጠለውን አውቶቡስ ጥላሸት ስፍቀው ብየዳው አለ። የመጀመሪያ ቀን ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«አቃተኝ አቦ። ወላሂ አፌ አልከፈት አለኝ።»

አላመንኩትም። ቀናተኛ ሰው የሚያምነው የፈራውን ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ብነግራት ነፃ ትወጣለች፤ ባልነግራት እሱ ከእሷ አይላቀቅም። የቱም አይበጀኝም። በመጨረሻ ራሴ ልንገራትና ፊቷን ልይ አልኩ። ደስ ካላት ቁርጤን አውቄ ወደ ድሬ እመለሳለሁ።

ጠዋት ቤቷ ስደርስ ፔርሙሱን እየሞላች ነበር።

«እህቴ ሆዳን» አልኳት በሶማሊኛ፣ «የተበየደውን የግራ በር አግኝቶታል። አውቶቡሱ የባልሽ ነው።»

እስክትስቅ ጠበቅሁ።

ሆዳን ክዳኑን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ኢና ሊላሂ» አለች፤ የቀረውን መጨረስ ግን አልቻለችም።

«እኔ እኮ ‹የባልሽ አይደለም› እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት» አለች። «በየቀኑ እየሄድኩ፣ እስቲ ደግመህ እይ ስለው የነበረው ለዚያ ነው። አይደለም ቢለኝ ባሌን እስክሸብት እጠብቀው ነበር።»

አቀፍኳት። ትከሻዬ በእንባዋ ራሰ። ያን ጊዜ የምሬን ቀናሁባት። በውበቷ አይደለም፤ እንዲህ አድርጎ መውደድን በማወቋ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ሰው መጠበቅ እንጂ መውደድ የማውቅ አይመስለኝም።

ስወጣ ጀማሉዲን ደጅ ቆሟል። በመጨረሻ ሊነግራት መምጣቱ ነበር። ከውስጥ የሚሰማው ለቅሶ ሁሉንም ነገረው።

«አሁንስ ቅናትሽ ለቀቀሽ?»

«የለም፣ ባሰብኝ።»

«ሽማግሌዎቹን ልላክ እንግዲህ?»

«ላክ። መጀመሪያ ግን ለቅሶዋን እንድረስ።»

ከኮረብታው በኩል ተኩስ ተሰማ። ሁለታችንም እስኪያልፍ አዳመጥን። ጀማሉዲን ወደ ቤቱ በር እያየ «እኔስ እንደ ባሏ ብጠፋ ትጠብቂኛለሽ?» አለኝ።

«አልጠብቅህም» አልኩት፤ ሰው እያየን እጁን ያዝኩት። «የምትሄድበት ሁሉ አብሬህ እሄዳለሁ።»