ወንዶቹ የሚበሉበት ቦታ

ቢየል የጭቃ ጆንያውን እንደተሸከመ ግድቡ ላይ ተዘረረ። ጆንያው ተፈትቶ ጭቃው ወደ ጎርፉ ተንሸራተተ፤ ጓደኞቹ ግን አልሳቁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ሙሉ ያሾፉበት ነበር።

ኛሩት ከኩሽናው ድንኳን ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጣ ደረሰች። የወንድሟ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«በልተሃል?» አለችው ጆሮው ሥር።

«በልቻለሁ።»

«የት?»

«ተይኝ አልኩሽ! ለማንም ብትናገሪ ወንድም የለሽም።»

ውሸቱን ነው። የት አባቱ ይበላል? ጎርፉ መንደራቸውን ሳይውጠው በፊት፣ እንደ እሱ ግንባሩ ላይ የጎልማሳነት መስመር የተቀረጸለት ወጣት ከእኩዮቹ ጋር ከከብቶቹ በረት ጀርባ ነበር የሚበላው። ዘመዱ ያልሆነች ልጃገረድ እያየችው አፉን ከሚከፍት ሞቱን ይመርጣል። አሁን ግን ደረቅ ማገዶ ስለጠፋ የእርዳታው ማሽላ በአንድ ድንኳን ይበስላል፤ ወንዱም ሴቱም እዚያው ተሰልፎ፣ እዚያው ተቀምጦ እንዲበላ ታዟል። ወጣቶቹ በድንኳኑ በር ሲያልፉ ሆዳቸውን እየዳበሱ «ጠግበናል!» ይላሉ። በዚያ ባዶ ሆድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ይሸከማሉ። ግድቡ ቢናድ ድንኳኑም፣ ሕፃናቱም፣ የተረፉት ላሞችም አለቀላቸው።

ኛሩት ስትመለስ ከዋና ከተማው ከጁባ የመጣው የእርዳታ አስተባባሪ ላዶ ድስቱ ውስጥ እያየ ነበር።

«ወጣቶቹ ዛሬም አልመጡም። ምግብ ከሌላ ቦታ ያገኛሉ ማለት ነው» አለ። «ከነገ ጀምሮ አንዱን ድስት ለሌላ መጠለያ እንሰጣለን። እዚያም የሚያለቅስ ሕፃን አለ።»

ብትናገር ወንድሟን ታዋርዳለች፤ ዝም ብትል ድስቱ ይሄዳል።

«አለቃ፣ ወንድሜም ጓደኞቹም እየተራቡ ነው» አለች።

«ታዲያ ማን ከለከላቸው? ይምጡና ይብሉ!»

«እኛ ሴቶቹ እያየናቸው?»

«ብታዩዋቸውስ? ዓይናችሁ ይበላቸዋል?»

«ለእነሱ ነውር ነው። ላውጣላቸው።»

«ከዚህ የወጣ ምግብ ገበያ ላይ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አይወጣም፣ አይወጣም!»

ኛሩት ትልቁን ሳፋ በገንፎ ሞልታ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠች።

«አውርጂ! ከወጣሽ ነገ እዚህ አትሠሪም!»

«እሺ፣ አልሠራም።»

ወጣች። ሳፋው ንቅንቅ አላለም።

ግድቡ ላይ ከተገለበጠው ታንኳ ጀርባ ሳፋውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። «ኑ! ዞሬያለሁ!»

«ነገርሻቸው!» ቢየል ነው። «አዋረድሽኝ!»

«አዎ፣ ነገርኩ። ስትጠግብ ትሰድበኛለህ፤ አሁን ድምፅህም በደንብ አይሰማም።»

«ቢየል፣ አንተ መቆጣትህን ቀጥል» አለ ዱዎል የሚባለው ቀልደኛ ጓደኛው። «ድርሻህን እኔ እበላልሃለሁ።»

ሁለት ልጃገረዶች ለምግብ የሚሆን የውሃ አበባ ሥር ለቅመው በመንገዱ ብቅ አሉ። «እናንተ! በዚያ ዙሩ!» ብላ ጮኸችባቸው። ነገሩ ገብቷቸው እየተሳሳቁ ተመለሱ።

ላዶ እያለከለከ ሲደርስ ኛሩት መንገዱ መሃል ቆመች።

«እርስዎ ወንድ ነዎት፣ ይለፉ። ሳፋውን ግን አይነኩም።»

በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ። ወጣቶቹ ሳፋውን ከበው ይበላሉ።

«ወንድምሽ የቱ ነው?»

«ቅድም የወደቀው፣ ጉልበቱ ጭቃ የሆነው። እየበላ ነው?»

«ዞረሽ እይው።»

«አልዞርም። የእሱ እህት ነኝ እንጂ የሌሎቹ አይደለሁም።»

ላዶ እንደገና አሻግሮ አየ። «በሁለት እጁ ነው የሚበላው» አላት ቀስ ብሎ።

ኛሩት ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

«ነገስ?» አላት።

«ነገም አወጣለሁ። ቢያባርሩኝም አወጣለሁ።»

«ለአለቆቼ ምን እላለሁ?»

«መጥተው እዚህ ይቁሙ፣ እንደ እኔ ጀርባቸውን ሰጥተው።»

«ውሃ የለም እንዴ?» አለ ዱዎል አፉ እንደሞላ።

የመጠጥ ውሃው ሮቶ ያለው ከወጣቶቹ ወዲያ ነው፤ አጭሩ መንገድ በፊታቸው ያልፋል። ኛሩት ጀሪካን አነሳች። ጎርፉ ውስጥ እባብ እንዳለ ታውቃለች። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገባችና ግድቡን መዞር ጀመረች።