ሥዕሉ ይዘገያል

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። አቶ አሰግድ ግን ልጁ ያፌት ከሄደ ወዲህ የቀን እንቅልፍ አጥቷል። ያፌት በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ፣ «ነገ ጀልባ አለ» ብሎ ከደወለ በኋላ ደብዛው ጠፍቷል። የአሰግድ ሚስት ዘነቡ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ትጋደማለች፤ አሰግድ ደግሞ ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርፈጥ ብሎ፣ ልጁ መጠገን ጀምሮ የተወውን አሮጌ ቴሌቪዥን ይነካካል።

ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ሲቀጥል ለኖረ ሰው፣ በመስታወት ቫልቮች የሚሠራ ይህ የእንጨት ሣጥን እንቆቅልሽ ነው። በመበየጃ ካውያ ጣቱን ጠብሷል። አንዱን ኃይል አጠራቃሚ ኮንደንሰር ገልብጦ በበየደው ጊዜ እንደ ርችት ፈነዳና ዘነቡን ከመኝታዋ አስደነበራት። «ስልክ ነው?» ብላ ስትወጣ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ልጁ የጀመረውን ከጨረሰለት ልጁ የሚመለስ ይመስለዋል፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ ሌላ ተስፋ የለውም።

የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሙሳ አልፎ አልፎ ብቅ እያለ ያሳየዋል።

«ጋሼ፣ ከሶኬት ነቅለኸውም ቢሆን እጅህን ዝም ብለህ እንዳትከት፣ ኃይሉ ውስጡ ይቆያል። ደግሞ ታገስ። ቫልቮቹ እስኪሞቁ ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፣ ሥዕሉ ይዘገያል። ሥዕሉን ሳታይ ተሠራ እንዳትል።»

መጀመሪያ የበራ ዕለት ቫልቮቹ ፍም መስለው ቀሉ፣ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ሳሎኑን ሞላው፣ የሥዕሉ መስታወት ግን እንደጨለመ ቀረ። ከድምፅ ማውጫው የመጣው ሹሽ የሚል ሹሹታ ብቻ ነበር። ጆሮውን ሲያስጠጋ ሹሹታው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ዳር እንደመታ ውሃ ይመለሳል፣ ከሥሩም አንድ ሰው ይተነፍሳል። ሽታውም ከአቧራ ወደ ጨው፣ ከጨው ወደ ሰነበተ ዓሣ ተለወጠ። አሰግድ መስኮቱን ከፍቶ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ፣ በዚያው ቀትር፣ ከሹሹታው ውስጥ የያፌት ድምፅ «አባዬ» አለው።

ሳይታይ ለጠራ አቤት እንደማይባል አሰግድ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ግን ልጅ የጠፋበት አባት ምላሱን በምን ይይዛል? «አቤት ልጄ! አቤት!» አለ፣ ሣጥኑን አቅፎ።

«አባዬ፣ ቤታችን የት ነበር?»

ስንት መከራ ቢያይ ነው ቤቱ የጠፋው? «ከአሸዋው ወንዝ ወጥተህ፣ መስጊዱን አልፈህ፣ ኒም ዛፉ ጋ፣ ሰማያዊው በር» ብሎ ነገረው።

ከዚያ በኋላ በየቀትሩ ይጠይቀው ነበር። በሩ በምን ይዘጋል? ውሻ አለ? ማን ማን ነው ያለው? ሹሹታው እየሳሳ ሄደ፣ በምትኩ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚራመድ የእርጥብ እግር ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም የሰፈሩ ፍየሎች ጩኸት። አንድ ቀን «እናቴን ምን ብዬ ነበር የምጠራት?» አለው። ያን ጊዜ አሰግድን የሆነ ነገር ቀፈፈው። እጁ ማጥፊያው ላይ ነበር። ቢያጠፋውና ልጁ መንገድ ላይ ቢቀርስ?

«እታባ ነበር የምትላት» አለው እያለቀሰ።

ሲነጋ ሙሳ ለሥዕሉ የጎደለውን ቫልቭ ሰጠው። አሰግድ ፊቱን ለማየት ቸኩሎ ሰክቶ፣ ቀትር ላይ አበራው። ዘነቡንም ቀሰቀሳት። «ያፌት ነው፣ መጥቷል» አላት። ያበደ መስሏት ክንዱን ስትይዘው ነው ሣጥኑ የተናገረው።

«እታባ፣ ደርሻለሁ። ክፈቺልኝ።»

ያው ድምፅ፣ ያው ቃል፣ ከግቢው በር ውጪም ተሰማ። ዘነቡ እልል ማለት አቅቷት እየጮኸች በባዶ እግሯ ወጣች። አሰግድ ሊከተላት ሲዞር ሳሎኑ ግራጫ ብርሃን ለበሰ።

ሥዕሉ መጥቷል። ሌላ ሰው የሌለበት የባሕር ዳር ነው። ያፌት፣ የገዛ ልጁ፣ ልብሱ ከገላው ተጣብቆ፣ አፉ እስከ ከንፈሩ በአሸዋ ተሞልቶ ከመስታወቱ ማዶ ተንበርክኳል። መናገር አይችልም፤ ሁለት መዳፉን እያወዛወዘ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ አይሆንም፣ አይሆንም ይለዋል።

ግቢው ውስጥ ግን ዘነቡ «መጣሁ የኔ ጌታ» እያለች መቀርቀሪያውን ስባው ነበር።