ከዝናር የተመዘዘችው ጥይት

ሀርላን ቴጊ የሞተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በዊሎ ቤንድ ተኩስ ሜዳ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ያን ሁሉ ዓይን ይዘን አንዳችንም ምን እንደተፈጠረ አላየንም።

በእኛ በሞንታና ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ያምረዋል፤ ወይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ወይ እንደ ቅድመ አያቱ ለብሶ ብረት ሳህን ላይ ይተኩሳል። ሰደርያና ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ለራሱ የጀግና ስም ያወጣል፣ ከሥሩ ማንሻ ያለውን የድሮ ጠመንጃ ቀጭ ቋ እያደረገ ይውላል። መሳቅ ይቻላል። እነሱ ግን አይስቁም። ሀርላን በዚህ ጨዋታ ስሙ አባ ጭሱ ነበር። ሌላው ሰው ጭስ በሌለው ባሩድ ሲተኩስ እሱ በጥቁር ባሩድ ብቻ ይተኩሳል፤ ተራው ሲደርስ ነጭ ደመና ሜዳውን ይሞላና ሰልፈኛው ሁሉ ያስላል። ያ ደስታው ነበር።

በዚያ ቀን በጠመንጃው ሆድ የነበረውን ጥይት ሁሉ ተኩሶ ጨረሰ። የውድድሩ ደንብ አንዲት ጥይት ከዝናር ተመዝዛ እንድትጨመር ያዝዝ ነበርና ከወገቡ መዘዘ፣ በተከፈተው አናት ጣል አደረገ፣ ማንሻውን ዘጋ፣ ቃታውን ሳበ። ጠመንጃው ጉንጩ ሥር ፈነዳ። ባርኔጣውን ሲያነሱለት ነፍሱ ወጥታለች።

የካውንቲው የሞት መርማሪ ዶሪን ካሰል ስትደርስ አስከሬኑ የኮርቻ ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር። ዶሪን ደልደል ያለች፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች የምትበላ፣ ቀድሞ ፈረስ ታረባ የነበረች ሴት ናት። ሰው ስታናግር አፍ አፉን አታይም፤ እጅ እጁን ነው የምታየው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው አይወዳትም።

ሸሪፉ ገና ከመኪና ሳትወርድ ፍርዱን ነገራት።

«ልፋት የለውም ዶሪን። ጥይቱን የምትሠራለት ሚስቱ ናት። ዓይኗ ሞራ ለብሷል። በጥቁሩ ባሩድ ፋንታ የጭስ አልባውን ቆርቆሮ አንስታ ሞላችው። ጭስ አልባው ኃይለኛ ነው፤ በጥቁሩ መጠን የሞላው ሰው ቦምብ ሠራ ማለት ነው። ቸልተኝነት ብለሽ ፈርሚ፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚያደርገውን ያድርግ።»

«እስክፈርም ድረስ ብዕሬ የኔ ነው» አለችው።

ቨርና ቴጊ የጭነት መኪናው ጭራ ላይ ተቀምጣለች። ታናሽ ወንድሟ ላይል ጃኬቱን ደርቦላት ትከሻዋን አቅፏል። እናታቸው ስትሞት ላይልን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶም የሚኖረው በእሷና በባሏ ግቢ ውስጥ ባለው የሠራተኞች ቤት ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ቨርና፣ ማንም ሳይጠይቃት። «በዚህ እጄ።»

«እትዬ ተይ እንጂ! ዓይንሽ ነው፤ ጥፋትሽ አይደለም» አላት ላይል።

ዶሪን የሴትዮዋን እጅ አየች። እስር ቤቱ አይደለም ሴትዮዋን የሚገድላት፤ ባሏን በእጇ እንደገደለች አምና ማደሯ ነው። ዶሪን ያን ለመገመት መርማሪ መሆን አላስፈለጋትም።

መጀመሪያ ያናገረችው ሮይስ ፒኬትን ነው። የውድድሩን ቅደም ተከተል የሚጽፈው እሱ ነው፤ ሀርላን በየዓመቱ እያሸነፈው ሲያናድደው የኖረውም እሱን ነው።

«ሰዓት ይዘህ አጠገቡ የቆምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ምን፣ ቀናህበት ልትይኝ ነው?»

«ቀንተህበታል?»

«እንዴታ! ማን ያልቀናበት አለ? በሰም የታሸ ጢሙን እያሻሸ ሲያሾፍብኝ...» ሮይስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዶሪን፣ ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ሲፈነዳ ፊቱን ቁልጭ አድርጌ አየሁት።»

ዶሪን የሱፍ ፍሬውን አፏ ውስጥ አቆመችው። «ቁልጭ አድርገህ? ከዚያ በፊት ሲተኩስስ?»

«ከዚያ በፊት ምን ይታያል? አባ ጭሱ ነው እኮ! ነፋስ የለም፣ ደመናው ሲያስለኝ ነበር። ከዝናሩ እስኪመዝ ገለጥ አለ፤ ከዚያ ጯ ብሎ ፈነዳ።»

«ጭስስ?»

ሮይስ ወደ ተኩሱ ቦታ ዞሮ አየ። «አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ።

«ከዝናር አንዲት ትጨመር የሚለውን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብሎ ቦት ጫማውን ማየት ጀመረ። ዶሪን እጁን አየችው፤ ባርኔጣውን እየጨመቀው ነበር። የሚደብቀው ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም። የወገቡን ዝናርም ልብ አለችው። ሸራ ነው።

ከሜዳው ሣር ውስጥ የተለቀመውን ስብርባሪ በእጇ መዳፍ ላይ አገላበጠችው። የፈነዳችው ጥይት ቀለሃ የቂጡ በኩል ተርፏል። ናሱ ተወልውሎ ያበራል፤ ወገቡ ላይ ግን ዙሪያውን ቀላ ያለ ቀበቶ መሰል ነገር አለው። ዶሪን በጣቷ ጥፍር ፋቀችው። አልለቀቀም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቴጊዎች ግቢ ሄደች። ቨርና ጥይት የምትሠራበት ከማእድ ቤት ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የባሩድ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ የሀርላን ጥቁር፣ ሌላው የላይል ጭስ አልባ። ሸሪፉ ያን ጉርብትና አይቶ ነው የፈረደው።

«ለሁለቱም እርስዎ ነበሩ የሚሠሩላቸው?» አለች ዶሪን።

«ለሁለቱም። የላይልን ሰኞ፣ የሀርላንን ሐሙስ። አልቀላቅልም ብዬ ነበር። ጉራዬ ነው የገደለው።»

«ቀለሃውንስ ያው ራሱን ነው ደጋግመው የሚሞሉት?»

«ታዲያ! ጥቁር ባሩድ ናስ ይበላል፣ በዚያው ዕለት በሳሙና ካላጠብኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኸው እዪው።» አንድ ሳጥን ከፈተችላት። ቀለሃዎቹ እንደ ሠርግ ማንኪያ ያበራሉ። ዶሪን እየመዘዘች አየች፤ አንዱም ላይ ቀይ ቀበቶ የለም።

«ሀርላን ጥይት ዝናሩ ላይ ያሳድር ነበር?»

ቨርና ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «ሀርላን? ሞቶ ነው! ቆዳ ናስ ያሻግታል እያለ ማታ ማታ አራግፎ ነው የሚተኛው። ጠዋት ከሳጥኑ አውጥቶ ይሰካል።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሲነሳ ሰክቶታል። ጉልበቱ ስለሚያመው ዕቃውን ከመኪና ሜዳ ድረስ የሚሸከምለት ላይል ነው። ምን ነካሽ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለምን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ይጠብቁኝ ወይዘሮ ቨርና። ለጥቂት ጊዜ ጥፋተኛ መሆንዎን ያቆዩልኝ።»

ላይል የሠራተኞች ቤቱ በር ላይ ቡና ይዞ ተቀበላት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መስኮቱ ሥር የሚፈስ ወንዝ። ምስማር ላይ የቆዳ ዝናር ተሰቅሏል፣ ጥይቱ እንደተሰካ። ቀለሃዎቹ ቆዳው የነካቸው ቦታ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥተዋል።

«እነዚህ የመቼ ናቸው ላይል?»

«እሱማ ለጌጥ ነው። የምተኩሰው ከሳጥን ነው።» ፈገግ አለ። «እህቴን አሳስረሽ ልትሄጂ ነው አይደል? እባክሽ ቀስ በይባት። ሀርላን እንኳ የዓይኗ ነገር አሳስቦት ነበር።»

«ምን ያህል አሳስቦት?»

«እንዲሁ... እንደ ባል።» ቡናውን አስቀመጠ። ጣቶቹ ኪሱ ገቡ።

«ከነዚህ አንዱን ልውሰድ?»

«ሁሉንም ውሰጂ።»

እሑድ ከቀትር በኋላ ሁሉንም በተኩስ ክበቡ ዳስ ሰበሰበቻቸው። ቨርና፣ ላይል፣ ሮይስ፣ ሸሪፉ፣ አንድ ረዳቱ፤ የቀረነው የክበቡ ሰዎች ከዳር ቆመን እናያለን። ውድድሩ ሲቋረጥ የቀረው ቺሊ የሚሉት የሥጋና የባቄላ ወጥ ድስቱ ውስጥ ረግቷል፤ የሚያነሳው ጠፍቶ ሸተተ። ሸሪፉ ሰዓቱን ያያል።

«አጭር ነው» አለች ዶሪን ቆማ። «የጥቁር ባሩድ ጥይት ሲተኮስ ይጨሳል። ሮይስ የሀርላንን ፊት ቁልጭ አድርጎ አይቷል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ውስጥ የነበረው ጭስ አልባ ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱኑ ነው!» አለ ሸሪፉ። «ቆርቆሮ ተሳስታለች።»

«ከሳጥኑ የቀሩትን ጥይቶች በሙሉ ፈታሁ። ሁሉም ጥቁር። ወይዘሮ ቨርና አንዴ ብቻ ተሳሳቱ እንበል። ያቺ የተሳሳተችው ጥይት ጠመንጃው ሆድ ውስጥ ሳትገባ፣ ዝናር ላይ ብቻዋን ተሰክታ፣ ልክ ከዝናር በሚመዘዝበት ቀን ተመዘዘች። ይህን ያህል ታዛዥ ስሕተት አይቼ አላውቅም።»

ቨርና ቀና አለች።

ዶሪን ስብርባሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቺ ናት የገደለችው። ወገቧ ላይ ቀይ ቀበቶ አላት። ፈረስ ሳረባ የልጓሜን የናስ ዘለበት ቆዳው አረንጓዴ ያደርግብኝ ነበር። ወልውዬ አረንጓዴውን አስለቅቃለሁ፤ ከሥሩ ግን ናሱ ተበልቶ ቀይ ጠባሳ ይቀራል። እሱን ማንም አይወለውለውም።» ከኪሷ ከላይል ዝናር የወሰደችውን ጥይት አወጣች። ጨርቅ በኩምጣጤና በጨው ነክራ አሸችው። አረንጓዴው ጨርቁ ላይ ቀረ። ቀለሃው አበራ፤ ወገቡ ላይ ቀይ ቀበቶ ወጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ሸሪፉ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ወይዘሮ ቨርና የሚያጥቡት ቀለሃ ላይ ይህ የለም። ሀርላን ዝናሩ ላይ አያሳድርም። የሮይስ ዝናር ሸራ ነው፤ ሸራ ናስ አያሻግትም። ይቺ ጥይት ቆዳ ውስጥ ከርማ፣ ተወልውላ፣ የእርሳስ አረሯ ተነቅሎ፣ ጭስ አልባ ባሩድ ያለ ልክ ተሞልታ፣ ተመልሳ የተዘጋች ናት። ዝናሩን ከመኪና ሜዳ ድረስ የተሸከመ ሰው በሀርላን ጥይት ቦታ ሰካት።» ወደ ሮይስ ዞረች። «አሁን ንገረኝ። ከዝናር አንዲት ትጨመር ያለህ ማን ነው?»

ሮይስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ላይል ነው። ቢራ እየጠጣን፣ ለሽማግሌዎቹ ጨዋታ ይጨምርላቸዋል አለኝ። ሐሳቡን ወደድኩት፣ የራሴ ነው ብዬ ጻፍኩት። ከሞተ በኋላ... ሐሳቤ የገደለው መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ።»

«አንተ ጅል!» አለ ሸሪፉ። ለማን እንዳለው ራሱም አላወቀም።

ላይል ለመሳቅ ሞከረ። «ግማሽ ሞንታና የቆዳ ዝናር አለው እኮ ዶሪን።»

«አለው። የሀርላንን ዝናር ግን ያን ቀን የያዝከው አንተ ብቻ ነህ። የባንክ ሥራ አስኪያጁንም ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አግኝቼዋለሁ። ሀርላን ግቢውን ሊሸጥ ነበር። ቢሊንግስ ከተማ ገብተው ሐኪም አጠገብ ሊኖሩ። የወይዘሮ ቨርናን ዓይን ሊያሳክም።»

ቨርና ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሊሸጥ?»

«አልነገረሽም» አለ ላይል። ድምፁ ልጅ ሆነ። «እኔን ግን በረዶ ሳይጥል ቤት ፈልግ አለኝ። እዚያ ነው ያደግኩት እትዬ! የት እገባለሁ? ጠመንጃው ያረጀ ነው፤ ሰው እርጅና ነው ይላል ብዬ ነበር። ያንቺ ስም ይነሳል ብዬ በእናታችን አላሰብኩም።»

«ተነሳ እኮ!» አለች ቨርና። የጮኸችው ያኔ ብቻ ነው። «ተነሳ! አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ባሌን ገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ ውኃ አቀበልከኝ። ዓይንሽ ነው አልከኝ። አንዴም አፍህን አላደናቀፈህም?»

ላይል አንገቱን ደፋ።

ዶሪን ሸሪፉ ያዘጋጀላትን ወረቀት ሳትፈርም ቀድዳ ኪሷ ከተተችው። «ወይዘሮ ቨርና፣ እጅዎ ንጹሕ ነው። ይህን በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ።»

ቨርና እጇን አየችው፣ ሁለቱንም ወገን። ደስ ይላታል ብለን ጠብቀን ነበር። ሞኞች ነን።

«የኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ዶሪን» አለች። «የራሴን ጥፋት ይዤው እሞት ነበር። የሱን የት ላድርገው?»

ረዳቱ የላይልን ክንድ ያዘ። በሩ ጋ ሲደርሱ ላይል ቆሞ ዞረ።

«እትዬ... እስር ቤት ትመጪልኛለሽ?»

ሁላችንም እግራችንን አየን።

«እመጣለሁ» አለችው። «ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፣ ማን ይመጣልሃል? ግን ስመጣ ይቅር በይኝ እንዳትለኝ። ስለ ምግብህ ጠይቄህ እመለሳለሁ።»

ከዚያ ሮይስ ቤቷ እንዲያደርሳት ክንዱን ያዘች።