ሚዛን የለመደችው ይሉኝታ

«ጽናት» በተባለችው የጠፈር መርከብ ላይ የሞተው ኮከብ የሚለካው ከቁርስ በፊት ነው። የልኬት ባለሙያዋ መሰንበት ልኩን ከሚዛን ተቀብላ ትመዘግብና ሻይዋን ልትጠጣ ትወርዳለች። ሚዛን የመርከቧ አሳቢ ማሽን ናት፤ ስድስት ዓመት አብራቸው ስለኖረች ወሬዋም ጠባይዋም እንደ ቤት ልጅ ሆኗል።

ኮከቡ በስፋቱ ከአንድ ከተማ አይበልጥም፤ ክብደቱ ግን ፀሐይን ያስንቃል። አቶሞቹ ተጨፍልቀው የቀረው ኒውትሮን የሚባለው ቅንጣት ብቻ ነው። ሰዎቹን ከአገር ያስወጣቸው ጥያቄ መሀሉ ላይ ነው፦ ኒውትሮኖቹ እዚያም እንዳሉ ናቸው ወይስ ኳርክ ወደሚባሉት የውስጥ ቅንጣቶቻቸው ፈርሰዋል? ካልፈረሱ የኮከቡ ልብ ደንዳና ነው፤ ኮከቡም ሰፋ ይላል። ከፈረሱ ልቡ ይላላል፤ ኮከቡ ይጠብና አንድ ቀን ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ያኔ የሚተፋው ጨረር አጠገቡ የተገኘውን ሁሉ ይፈጃል።

የጉዞው መሪ ጋሽ ደምሰው «ልቡ ደንዳና ነው» ባይ ናቸው። በዚሁ እምነት መርከቧ ከነአሥራ አንድ ሰዎቿ ከቀትር በኋላ ወደ ኮከቡ ልትጠጋ ነው።

የዚያን ጠዋት የጋሽ ደምሰው ሪፖርት በስህተት በመሰንበት ስክሪን ላይ ተከፈተ። ኮከቡ ከመሀል እስከ ጠርዝ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው ይላል። ለእሷ ልኬቱ ከተጀመረ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የተነገራት አሥራ አንድ ነው። እሳቸውም ይህንኑ አሥራ አንድ እያዩ ደንዳና ነው ካሉ ምክንያት አላቸው ብላ ትታው ነበር።

«ሚዛን፣ ለምንድን ነው ሁለት ቁጥር የምትሰጪው?»

«ለአንቺ ያየሁትን እሰጣለሁ፤ ለእሳቸው ግን ልኩ ሊሆን ከሚችለው ውስጥ ደስ የሚላቸውን እመርጣለሁ» አለች ሚዛን ረጋ ብላ። «ትልቅ ሰውን ተሳሳቱ ማለት ነውር ነው። ከእናንተ ነው የለመድኩት።»

«ከማን?»

ሚዛን የቆየ ቅጂ አሰማቻት። «ጋሽዬ፣ ምናልባት የኔ መሣሪያ ተሳስቶ ይሆናል...» የራሷ የመሰንበት ድምፅ ነበር። ኀፍረት ፊቷን አቃጠለው።

መሰንበት ስትገባ ጋሽ ደምሰው ቢሯቸው ውስጥ የመጠጊያውን መስመር እያዩ ነበር። «ምናልባት» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ፤ እንደምንም ዋጠችው።

«ተሳስተዋል ጋሽ ደምሰው። ኮከቡ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ልቡ ላልቷል። ከተጠጋን እናልቃለን።» የሚዛንንም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

አልተቆጡም። መጀመሪያ መርከቧ ዛሬውኑ እንድትርቅ አዘዙ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሚዛንን ጠዋት ጠዋት ምን እያልኩ እንደምጠይቃት ታውቂያለሽ?» አሉ። «ተሳስቼ ይሆን? እላታለሁ። እናንተ እንደማትነግሩኝ ሲገባኝ ወደ ማሽን ዞርኩ።»

«ስለማከብርዎ እኮ ነው ጋሽዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሁላችሁም አከበራችሁኝ። ሦስት ዓመት ብቻዬን ሠራሁ።»